ሟቹ ጠበቃ

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ኡበይደላ ሰይድ ጉብታው ላይ ወጣና አንድ በሕይወት ያለ ሰው ገደለ።

የገደለው በጥሩምባ ነው። ኡበይደላ የጨፌ ጎጥ ቅሬ ጥሩምባ ነፊ ነበር። ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው፤ በጨፌ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ መዝገብ ይሰፍርበታል፣ በአንድ ድንኳን ይቀመጥበታል። ኡበይደላ ሦስት ጊዜ አስረዝሞ ነፋ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ሾፌሩ ጋሽ አስፋው ግራና ልጃቸው ቤት አርፈዋል! ቀብሩ ዛሬ ነው! ወንድ ቃሬዛ ይዞ ይውጣ! ሴት ትከተል!» አለ። ቃሉን ሲጨርስ ድምፁ ተቆራረጠ። የሰማው ሁሉ ሐዘን መሰለው።

ጊዜው ጥር 1993 ዓ.ም. ነው። ከመርሳ ወደ ላይ ገባ ብላ ያለችው ጨፌ ስልክ የላትም፤ ከጥሩምባው ሌላ ወሬ የሚያመጣላት የገበያ ቀን ብቻ ነው። ጋሽ አስፋው ደግሞ ሞቱ ቢባሉ የማያስገርሙ ሰው ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ኤንትሬ የጭነት መኪና ከነዱ በኋላ አስም ይዟቸው፣ መስከረም ላይ ልጃቸው እታፈራሁ ወደ ግራና ወስዳ ታስታምማቸው ጀምራለች። ስለዚህ «ኧረ እውነት?» ያለ አልነበረም። «ተገላገሉ» ያሉ ግን ሁለት ሦስት ነበሩ።

የቅሬው ዳኛ ሽፈራው ጥሩምባውን የሰማው የወፍጮ ሞተር ፈትቶ ሳለ ነው። ሽፈራው ከመርሳ እስከ ወልድያ ያሉ ወፍጮዎችን የሚጠግን መካኒክ ነው። እጁ ሁልጊዜ ጥቁር ነው፤ የቅሬው መዝገብ ግን አንዲት የግሪስ ጠብታ የለችበትም። በቀበሌው ማኅተም የጸደቀውን ባለ ሃያ ሦስት አንቀጽ ደንብ በቃሉ ይወጣዋል። አንቀጽ ዘጠኝ፣ «ዳኛው ለቀብር ከመነሳቱ በፊት የሟቹን ስም ከአባላት መዝገብ በቀይ ሰርዞ ወደ ሙታን መዝገብ ያዛውራል» ይላል። ሽፈራው እጁን በሳሙና ታጠበ፣ አደረቀ፣ በቀይ ሰረዘ፣ ቀኑን ጻፈ፣ ፈረመ። ከዚያ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ።

የውሃ አባቱ ሀይሉም ወጣ። የውሃ አባት የወንዙን ውሃ በየተራ ለየማሳው የሚያካፍል ሰው ነው። ያን ቀን ተራው የራሱ ነበር። ቦዩን ወደ ቲማቲሙ ከፍቶ አካፋውን ገና ደገፍ እንዳለ ጥሩምባው ጮኸ፤ አካፋውን ጥሎ ሄደ። ኡበይደላም «ላይኛውን ሰፈር ነግሬ እደርስባችኋለሁ» አለ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጨፌ ባዶ ሆነች። ከሕፃናቱ፣ ከታመሙት፣ ከውሾቹ፣ ከውሃው እና ከኡበይደላ በቀር ማንም አልቀረም።

ግራና በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ለቀስተኛው ሲደርስ ጋሽ አስፋው ግቢያቸው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ራሳቸውን እየተላጩ ነበር። ግራው ጎን አልቆ ቀኙ ሲቀር ከመንገዱ ዋይታ ሰሙ። ሐዘን እየሰሙ ቁጭ ማለት ነውር ነው፤ ላጪውን «ቆይ፣ ደርሼ ልምጣ» ብለውት ግማሽ የተላጨ ራሳቸውን በጋቢ ሸፍነው ወጡና ከኋላ ተቀላቀሉ። ከጎናቸው ሀይሉ ዓይኑን እየጠረገ ይሄዳል።

«ማን ነው እባክህ የሞተው?» አሉት በሹክሹክታ።

«ጋሽ አስፋው» አለ ሀይሉ ቀና ሳይል።

«የትኛው አስፋው?»

«ሾፌሩ ነዋ! ሌላ ማን አስፋው አለ?»

ጋሽ አስፋው ትንሽ አሰቡ። «ደግ ሰው ነበር?»

«ደግስ ደግ ነበሩ። አፋቸው ነበር እንጂ የሚያስቸግር።»

ከፊት አሰለፈች ደረቷን እየደቃች ሙሾ ታወርዳለች። የጨፌ አልቃሽ እሷ ናት።

«ኤንትሬው ሲያቃስት መርሳ ዳገት ላይ፣
አስፋው መጣ ብዬ እወጣለሁ ወይ?»

ለቀስተኛው ተንሰቀሰቀ። ጋሽ አስፋውም ተንሰቀሰቁ፤ ስንኙ አንጀት ይበላል። ግን የገዛ ሙሾን ዝም ብሎ ማዳመጥ እስከተወሰነ ድረስ ነው። «አሰለፈች፣ እስቲ ያችን ድገሚያት!» አሉ ጮክ ብለው።

አሰለፈች ዞረች። ጋቢው ተንሸራቶ ነበር። ግማሽ ፀጉር ያለው ሟች ከለቀስተኛው መሐል ቆሞ እንባውን ሲጠርግ አየች። ከዚያ በኋላ የሆነውን እያንዳንዱ በየራሱ ያወራዋል። ሁሉም የሚስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር ቃሬዛውን የያዙት አራት ጎልማሶች ቃሬዛውን ጥለው መሮጣቸው ነው።

ነገሩ ሲረጋጋ እታፈራሁ ለሁሉም ውሃና ቆሎ አቀረበች። ጋሽ አስፋው በርጩማቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡና የመጣውን በዓይናቸው ቆጠሩ።

«የሻረግ የት አለች? ለኔ ቀብር ቀረች?»

«ወገቧን አሟት ነው፣ ጋሼ።»

«እሺ። እሷ ስትሞት የኔን ወገብ እናያለን።»

ሕዝቡ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ጨፌ ተመለሰ። ሀይሉ በቀጥታ ወደ ቦዩ ሄደ። ቦዩ ወደ ቲማቲሙ በሚታጠፍበት ቦታ በድንጋይና በጭቃ ተደፍኗል። ውሃው አቅጣጫውን ቀይሮ፣ ማሳውን አጥለቅልቆ፣ የኡበይደላ ሽንኩርት ውስጥ ይንቦጫረቃል። ኡበይደላ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ መሐል ላይ ቆሟል። አልሮጠም።

«ሽንኩርቱ ሊሞት ነበር» አለ።

«እና ጋሽ አስፋው ይሙቱልህ?»

«ወላሂ ሌላ መላ አጣሁ። የኔ ተራ ገና አሥራ አንድ ቀን ይቀረዋል።»

ሽንኩርቱ የናጅዋ ሰርግ ነበር። የኡበይደላ ትልቋ ልጅ ናጅዋ በጥር መጨረሻ ሐሙስ ሐራ ላለ ቤተሰብ ልትዳር ቀን ተቆርጧል። ድግሱም ልብሱም ከዚያ ሽንኩርት ነው የሚወጣው። ውሃ ቢቀር ሰርጉ ይቀራል፤ ለኡበይደላ የታየው ይህ ብቻ ነው። ድንኳኑ፣ ትልልቁ ድስት፣ ሳህኑ፣ የሚያስተናግደው ሰው ሁሉ የቅሬው መሆኑ የታየው ጭቃው ውስጥ ቆሞ አርባ ሰው ሲመለከተው ነው።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ቅሬው በዕቃ ቤቱ ግቢ ተሰበሰበ። ጋሽ አስፋውም ከግራና በአይሱዙ መጡ። በዚያ ዘመን ስብሰባ ሁሉ በግምገማ ይጀመራል፤ ስለዚህ ኡበይደላ መጀመሪያ ግለሂስ እንዲያቀርብ ታዘዘ። ተነሳና እጁን አጣምሮ፣ «ውሃ ጠልፌያለሁ። በውሸት ነፍቻለሁ። በጋሽ አስፋው በኩል ደግሞ... ቸኩያለሁ» አለ።

ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

«እኔ ሳቅ አልፈልግም!» አለ ሀይሉ። «ሁለት መስመር ቲማቲም ደርቆብኛል። መርሳ ፖሊስ ጣቢያ እናስረክበው፣ ወልድያ ወርዶ ይፈረድበት። ሁለት ዓመት ሲታሰር ውሃ የማን እንደሆነ ይማራል።»

«መማሩንስ ይማራል» አሉ ጋሽ አስፋው። «የአጎቴ ልጅ በአንድ በግ ታሰረ። የትኛው እስር ቤት እንደሆነ አልናገርም። ወጥቶ የሰረቀው አይሱዙ ነው። መንዳት ማን እንዳስተማረው እንጃ፤ እኔ አይደለሁም።»

ሽፈራው መዝገቡን በእርሳስ መታ መታ አደረገ። «ፖሊስ አያስፈልገንም። ደንብ አለን። አንቀጽ አሥራ ሰባት፤ በቅሬው ላይ ክህደት የፈጸመ አባል ለአንድ ዓመት ይገለላል። እሳት አይሰጠውም፣ ውሃ አይቀዳለትም፣ ሰላም አይባልም። ደስታውም ሐዘኑም የቅሬው አይደለም። ያነጋገረው አባል እሱም ይገለላል።»

ከሴቶቹ በኩል የኡበይደላ ሚስት ሲቲ ተነሳች። «አቶ ሽፈራው፣ ሰርጉ እኮ ሦስት ሳምንት አልቀረውም። ልጅቱ ምን አጠፋች? እሷ ነፋች?»

«ናጅዋን እኔ አልቀጣኋትም፣ ሲቲ።»

«ታዲያ ድንኳኑን ማን ሊተክልላት ነው? አንቀጹ?»

ጋሽ አስፋው በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሱ። «የሞትኩት እኔ ነኝ። እኔ ይቅር ካልኩ እናንተ ምን ሆናችሁ ነው? ሰውዬው ያበላሸውን ያቅና። ቦዩን ከመጥለፊያው እስከ ጅራቱ ብቻውን ይጥረግ። ለቀብሬ የተንከራተተውን ሰው ቤት ለቤት ዞሮ እንጨት ይፍለጥለት፣ ማሳ ይቆፍርለት። ቤቱ ተጎልቶ ዓመት ቢቆጥር ምን ይማራል? መቁጠር?»

«ጋሽ አስፋው» አለ ሽፈራው፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «በሰባ ሰባት የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ ስትሞት ጥሩምባው ተነፍቶላታል። የሰማ ሰው ነበር፣ ተነስቶ ለመምጣት ጉልበት ያለው ግን አልነበረም። ብቻዬን ጎትቼ ቀበርኳት። ከዚያ ወዲህ ጥሩምባ ሲነፋ ይህ ሁሉ ሰው ሥራውን ጥሎ ሲወጣ ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ በሐዘን ቀን ደስ ይለኛል፣ ይቅር ይበለኝ። ከእንግዲህ ግን ሲነፋ ጨፌ መጀመሪያ ‹እውነት ይሆን?› ትላለች። ይህ ሰው የሰረቀን ውሃ አይደለም።»

ኡበይደላ መሬት መሬት አየ።

«ነፍሷን ይማር» አሉ ጋሽ አስፋው። «ግን ሽፈራው፣ ያኔ ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው ጠፋ ነው የምትለኝ። አሁን የሚቆፍር አለህ፤ አንዱን ልትቀንስ ነው።»

እጅ ወጣ። መገለልን የደገፉ ሃያ ስድስት፣ የተቃወሙ አሥራ አምስት። ሽፈራው የተቃወሙትን እንደገና ቆጠረና አሥራ አራት ብሎ ጻፈ።

«አሥራ አምስት ነን!» አሉ ጋሽ አስፋው።

«የአንቱ እጅ አይቆጠርም፣ ጋሼ። ማክሰኞ ተሰርዘዋል።»

«ታዲያ መልሰኛ!»

«የመመለሻ አንቀጽ የለም» አለ ሽፈራው፤ ፊቱ እንኳ ትንሽ አፈረ። «ደንቡ የሚያውቀው መመዝገብና መሰረዝ ነው። እንደ አዲስ እንዳልመዘግብዎ ደግሞ አዲስ አባል ከስድሳ ዓመት በታች መሆን አለበት።»

ሁሉም ሳቀ። ጋሽ አስፋው አልተከራከሩም፤ ቀስ ብለው ተቀመጡ። አለመከራከራቸው ሽፈራውን ሊያሳስበው ይገባ ነበር።

ሰኞ ጠዋት መገለሉ ተጀመረ። ሰላምታን እስከ ከብቱና እስከ ማሳው ደኅንነት ድረስ መጠያየቅ ለለመደ መንደር ይህ ከባድ ሥራ ነው። ሰዎች ኡበይደላን ከሩቅ ሲያዩ ጫማቸው ውስጥ ጠጠር የገባ ይመስል ጎንበስ ይላሉ። የሲቲ ጎረቤት አሰለፈች ደግሞ ከዶሮዋ ጋር ማውራት አበዛች። «አንቺ ዶሮ» ትላለች አጥሩ ሥር ቆማ፣ ሲቲ እንድትሰማ ጮክ ብላ፣ «ነገ ወፍጮ ቤት ሰው አይበዛም አሉ፤ ማስፈጨት ያለባት ብትሄድ ጥሩ ነው።» ዶሮዋ በሳምንት ውስጥ በጨፌ ከማንም የበለጠ ወሬ ሰማች።

ረቡዕ ከሐራ ሰው መጣ። የሙሽራው ቤተሰብ ነገሩን ሰምቷል። መልእክታቸው ጨዋ ነበር፤ «ጎረቤት የማይገባበትን ቤት እኛ እንግዶቹ ምን ብለን እንገባለን? እስከሚቀጥለው ሰኞ ነገሩን ካላስተካከላችሁ ቀኑ ይቅር» ይላል። ሰውየው ሲሄድ ኡበይደላ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ማሳውን ማየት ጀመረ። ናጅዋ አጠገቡ መጥታ ቆመች። አላለቀሰችም።

«አባ» አለች፣ «ሽንኩርቱ ግን አማረበት።»

ኡበይደላን ይህን ያህል የመታው ቃል አልነበረም። ተነሳ፣ አካፋውን አነሳ፣ ማንም ሳያዘው ቦዩን ከመጥለፊያው ጀምሮ መጥረግ ያዘ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ማንም ቃል ሳይተነፍስለት።

ጋሽ አስፋው ግራና አልተመለሱም። «የጨፌ አየር ተስማማኝ» ብለው የራሳቸውን ቤት ከፈቱ። ሐሙስ በእኩለ ቀን በመንደሩ መሐል አልፈው የኡበይደላ በር ላይ ቆሙ።

«ኡበይደላ! እንዴት ሰነበትክ? ሲቲ ደህና ናት? ከብቱስ?»

ኡበይደላ ጭቃ እንደለበሰ ሮጦ ወጣ። «ኧረ በአላህ ይመለሱ ጋሼ! ያነጋገረኝ ሰው ይገለላል!»

«ያነጋገረህ አባል። እኔ አባል ነኝ? ሙት ነኝ። ደንቡ ስለ ሙት ሰላምታ ምንም አይልም፤ ሃያ ሦስቱንም አስነብቤ ሰምቻለሁ።» ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ውሃ ጠጡ። ሲወጡ አሰለፈች ጋ ጎራ ብለው «እሳት ስጪኝ» አሉ። ሰጠቻቸው። ፍሙን በገል ይዘው ተመልሰው ለሲቲ አስረከቡ። አሰለፈች አጥሩ ሥር ቆማ ሁሉንም አየች፣ ለዶሮዋ ግን ምንም አልነገረቻትም።

ከዚያ ወዲህ የኡበይደላ ቤት መልእክት ሁሉ በሟቹ በኩል ይመላለስ ጀመር። ጋሽ አስፋው ደስታቸው ወሰን አጣ፤ በሕይወት ሳሉ ይህን ያህል ሰው አይፈልጋቸውም ነበር። ሀይሉ እንኳ ሁለት ቀን የኡበይደላን ቁፋሮ ከሩቅ ሲያይ ከቆየ በኋላ፣ ቅዳሜ ጠጋ ብሏቸው ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ጋሼ፣ መታጠፊያው ጋ አላስጠለቀም በሉልኝ። ውሃው እዚያ ይተኛል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለኝም። እንዳትጨምሩበት።»

ጋሽ አስፋው ግን ጨመሩ። «ሀይሉ ሥራህ ጥሩ ነው ይላል፤ መታጠፊያውን ብቻ አስጥልቀው» አሉት። ኡበይደላ መታጠፊያውን እስከ ወገቡ አስጠለቀው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሽ አስፋው ወፍጮ ቤት ሄዱ። ሽፈራው ሞተሩ ሥር ተጋድሞ ነበር። እግሩን በምርኩዛቸው ነካ ነካ አደረጉና ወረቀት ዘረጉለት። «የልጄ ማመልከቻ ነው። እጅህን ታጠብና አንብበው።»

ታጥቦ አነበበው። እታፈራሁ አስፋው የምትባል የሟች ቤተሰብ፣ የአባቷ ቀብር ቢቀርም የሐዘን መቀመጫው ስላልተደረገ፣ በአንቀጽ አሥራ አንድ መሠረት ቅሬው ድንኳን ተክሎ፣ ዕቃውን አውጥቶ፣ አባላቱ በሙሉ እንዲቀመጡላት ትጠይቃለች። ቀኑ የጥር መጨረሻ ሐሙስ። ቦታው የኡበይደላ ሰይድ ግቢ።

ሽፈራው ሁለት ጊዜ አነበበው። «ይህ ቀልድ ነው።»

«አንቀጽ አሥራ አንድ ምን ይላል?»

«‹የሟች ቤተሰብ በመረጠው ቦታ።›» ከአፉ አመለጠው። «ጋሼ፣ እፊቴ እኮ ቆመዋል!»

«መዝገብህን አውጣ። ማን እንደቆመ እሱ ይንገርህ።»

ሽፈራው ቃጫ ወሰደና አንድ ቅባት የሌለበትን ብሎን ይወለውል ጀመር። «ልከለክልዎት እችላለሁ» አለ ቆይቶ። «ጉባኤ ጠርቼ የመመለሻ አንቀጽ አስጨምራለሁ፤ አንቱ ይመለሳሉ፣ ማመልከቻው ይወድቃል።»

«ታዲያ ምን ያዘህ?»

«የመመለሻ በር አንዴ ከተከፈተ አንቱ ብቻዎን አይገቡበትም።»

«እኔ ወፍራም ሰው አይደለሁም። አጠገቤ ቦታ ይተርፋል።»

ሽፈራው ሊስቅ ነበር፤ አልሳቀም። «ደግሞ ቢያደርገውስ? እኔ የምፈራው እሱን ነው። ደግሞ ቢነፋስ?»

ጋሽ አስፋው ጆንያ ላይ ተቀመጡ። አስማቸው ትንሽ አስቸገራቸው፤ እስኪያልፍ ጠበቁ። «አያደርገውም ብዬ አልምልልህም። ሰው ነው። ደግሞ ካደረገው መዝጋቱን ታውቅበታለህ፤ ከሃያ ሦስቱ ግማሹ መዝጊያ ነው። መክፈትን ነው አንድም ቀን ሞክረኸው የማታውቀው። ቦዩን ሄደህ እየው። ከዚያ ያሰኘህን አድርግ፤ እኔም ካልሆነ ድንኳኔን እጠብቃለሁ።»

ሽፈራው አመሻሽ ላይ ቦዩ ዳር ታየ። ከመጥለፊያው እስከ ጅራቱ በእግሩ ሄደ። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ተንበርክኮ ጥልቀቱን በክንዱ ለካ። ኡበይደላ አሥር እርምጃ ርቆ አካፋውን ይዞ ቆሟል። ሁለቱም አልተናገሩም፤ አንቀጽ አሥራ ሰባት ገና በሥራ ላይ ነበር።

እሁድ ቅሬው እንደገና ተሰበሰበ። ሽፈራው አንቀጽ ሃያ አራትን ራሱ ጽፎ መጣ። «በስህተት የተሰረዘ፣ ወይም ጥፋቱን በሥራ የካሰ አባል፣ ጉባኤው ከተስማማ ይመለሳል።» ከሥሩ በደቃቃ ፊደል ግዴታዎች ተደርድረዋል። ኡበይደላ የሀይሉን ሁለት መስመር ቲማቲም መልሶ ይተክላል። ለቀብሩ የሄደ ቤት ሁሉ አንድ አንድ ቀን ጉልበት ያገኛል። ጥሩምባውን ለአንድ ዓመት አይነካም፤ እስከዚያ የምትነፋው አሰለፈች ናት።

«እኔ?» አለች አሰለፈች።

«አንቺን ያልሰማ ሰው የለም» አሉ ጋሽ አስፋው።

ሽፈራው ወደ ሀይሉ ዞረ። «ተበዳዩ ምን ይላል?»

ሀይሉ ለረጅም ጊዜ ባርኔጣውን አገላበጠ። «ቦዩን አይቼዋለሁ። እኔ ከምጠርገው ይሻላል። ይህን የምለው ደስ ብሎኝ አይደለም።» እጁን ግን ከሁሉም ቀድሞ አወጣ።

ሠላሳ አንድ እጅ ደገፈ። ሽፈራው ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ሲል ጽፎ ሁለት ስም መለሰ፤ መጀመሪያ አስፋው፣ ቀጥሎ ኡበይደላ። ከዚያ መዝገቡን ዘጋ፣ ወደ ኡበይደላ ሄደና እጁን ዘረጋ።

«እንዴት ሰነበትክ፣ ኡበይደላ?»

ኡበይደላ የተዘረጋለትን እጅ በሁለት እጁ ያዘና ራሱን ነቀነቀ።

ለሐራ ሰዎች ደብዳቤ ይላክ የሚል ሐሳብ ቀረበ። «ደብዳቤ በውሸትም ሊጻፍ ይችላል» አለ ሽፈራው። በማግስቱ ሰኞ ወፍጮውን ዘግቶ፣ በአይሱዙ ሐራ ድረስ ሄዶ፣ ቅሬው እንደሚገባ በራሱ አፍ ነግሮ ተመለሰ። የሄደበትን ምክንያት የጠየቀው አልነበረም፤ ቢጠየቅም አይናገርም ነበር።

የጥር መጨረሻ ሐሙስ ድንኳኑ በኡበይደላ ግቢ ተተከለ። ኒካሁ ታሰረ። ለክርስቲያን እንግዶች አንድ ፍየል ለብቻ ተሰጥቷቸው በበኩላቸው አርደው ወጠወጡ። ናጅዋ ቤት ውስጥ በጓደኞቿ ተከባ ትስቃለች። ከሐራ የመጡት ሽማግሎች የጨፌን ሰው ብዛት አይተው እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ወገቧን የሚያማት የሻረግ ሳትቀር ጭፈራው መሐል ነበረች።

ጋሽ አስፋው ጥላ ሥር ትራስ ተደግፈው፣ ሙሉ በሙሉ በተላጨ ራሳቸው፣ የሞቱበትን ቀን ለሐራ ሽማግሎች ሲያወሩ ሽፈራው የሥራ ድልድል የያዘ ወረቀት ይዞ መጣ።

«ጋሽ አስፋው፣ ትልቁ ድስት ወደ ድንኳን ይገባል። አንደኛው ጆሮ የአንቱ ነው።»

«እኔ? አስም አለብኝ እኮ!»

«አንቀጽ አምስት። በሰርግ ቀን የተገኘ አባል ሁሉ ያስተናግዳል። ከእሁድ ጀምሮ አባል ነዎት።»

«እስከ ማታ ሙት ብሆንስ?»

«አይቻልም» አለ ሽፈራው። «ዳኛው አስከሬኑን በዓይኑ ሳያይ ማንንም አይሰርዝም። እሱንም እሁድ ነው የጨመርኩት።»

የሐራ ሽማግሎች ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ። ጋሽ አስፋው የሽማግሌ ክብር እስኪያልቅባቸው አጉረመረሙ፣ ምርኩዛቸውን ጥለው ተነሱ፣ ድስቱን በአንድ ጆሮው ያዙት። በሌላው ጆሮ ኡበይደላ በአዲስ ሸሚዝ ቆሟል።

«ተነስ» አሉት። «ቀስ በል። ክብደቱን ወደ አንተ በኩል አድርገው፤ ገዳዩ አንተ ነህ።»

ኡበይደላ ድስቱን ወደ ራሱ አዘነበለው። መረቁ አዲስ ሸሚዙ ላይ ፈሰሰ፤ ዝም ብሎ ተሸከመ።